ሁለት ስም፣ አንዲት ጀልባ

ቀን በስምንት ሰዓት በሚመሽበት ወር፣
ከዓሣ ሚዛኑ ማዶ፣ ከቦዶ ወደብ ሥር፣
ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ስድስት ሰው ከእኔ ጋር፤
ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ቁጭ ብያለሁ ልማር።

አርባ ዓመት በእጄ ጀልባ ስመዘግብ፣
ስም፣ ርዝመት፣ ቀለም፣ የቆመችበት ወደብ፣
አሁን ማሽን መጣ። አልኩኝ በልቤ፦
ወይ ወንበሬን ልልቀቅ፣ ወይ ልወቀው ቀርቤ።

ስቱርላ ነው መምህሩ፤ ሃያ አምስት አይሞላም፤
ሹራቡ ክርኑ ላይ ተቀዷል፤ አይሰፋም።
ሰሌዳው ላይ ጻፈ «ጀልባ» የሚል ቃል፤
«ይኸ ንድፍ ነው» አለ፣ «ማን በንድፍ ይቀዝፋል?
ንድፍ ውኃ አይነካም፣ ንድፍ ዓሣ አይዝም፤
ከንድፉ የወጣችው ግን አካል አላት፣ ስም።
እሷን ነገር እንላታለን።»

ነገር!
ሳቄን ዋጥ አደረግሁ።
ነገርስ እኔ ዐውቃለሁ።
ከኦድቫር፣ ከወንድሜ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ነገር ነው የለየን፤ ጎረቤት ይመስክር ሁሉ።

«አንዷን ፍጠሩ» አለን። እጄ ሳያማክረኝ
የአባቴን ጀልባ ጻፈ።
ስም፦ ሀቬላ።
ርዝመት፦ ዘጠኝ ሜትር።
ቀለም፦ ነጭ።
ሞተር፦ አንድ ሲሊንደር።
«ምን ታውቃለች?» አለኝ። ጻፍኩላት ሦስት ግሥ፦
መውጣት። በጭጋግ መጮኽ። ሳይመሽ መመለስ።

ቅጂ ልሥራ ብዬ ሌላ ስም ጨመርኩኝ፤
«አሮጊቷ» አልኳት፤ በኦድቫር አፍ ተናገርኩኝ።
ለእሱ የእሱ ትድረሰው፣ የእኔ ለእኔ ትኑር፤
አሮጊቷን ቀይ ቀባኋት፣ እንድትታይ ከባሕር።

ከዚያ ሀቬላን ጠየቅሁ፦ ቀለምሽ ምንድን ነው?
ቀይ።
ደገምኩ። ቀይ።
መነጽሬን ጠረግሁ። ቀይ።

ስቱርላ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ምን አደረግሽ?
ጀልባ አልጨመርሽም እኮ፤ ስም ነው የጨመርሽ።
ሁለት ገመድ ናቸው፣ አንዲቷን ያሰርሽባት፤
በየትኛው ብትስቢ፣ የምትመጣው አንዷ ናት።»

ተቀምጬ ቀረሁ። ሌሎቹ ኮታቸውን ለበሱ።
እኔ «ሀቬላ» ስል የአባቴን ፉጨት ነው፣
ከዳር ቆሜ የሰማሁትን፣ መብራቷ ሲመጣ፤
«አሮጊቷ» ያላት ግን በዐሥራ አራት ዓመቱ
ገመድ ሲጠቀልል ሁለት ጣቱን ያጣ።
ነገርን ከሥሩ ይባላል።
እኛ አንድ ቀን እንኳ ሥሩን አልነካንም፤
በስሟ ተጣልተን፣ እሷን አልጠየቅንም።

በሌላው ማክሰኞ ስቱርላ እንዲህ አለ፦
«ስም ያልያዘው ነገር እዚህ ዓለም የለ።
የመጨረሻው ገመድ የተፈታ ለት
ማሽኑ ይጠርጋታል፣ ማንም ሳይጠይቃት።»
ስም ከመቃብር በላይ ነው፣ ይኸን ነው የምናውቀው፤
እዚህ ግን ስም ራሱ ነው መቃብሩን የሚያርቀው።

ሀቬላ የለችም። በሰኔው የበጋ እሳት፣
ከአሮጌ ጀልባዎች ጋር፣ ከተማው እያያት
ነደደች። እኔና ኦድቫር
ከእሳቱ ወዲህና ወዲያ ቆመን ነበር።
አሁን የያዛት ምንድን ነው? ሁለት አፍ። ሁለት ገመድ።
አንዱ ሰባ ሊሞላው ነው፤ ይስላል፤ አይወድም መንገድ።

እሑድ ስልክ መታሁ። ጠራ። ጠራ። ጠራ።
«አሮጊቷን ሠራኋት» አልኩት።
«በምን?»
«በፊደል።»
ዝም። ከጀርባው ቴሌቪዥኑ ስለ ነፋስ ያወራ።
«ቀለሟ?»
«ቀይ ሆነች፣ በስሕተት።»
«ሞተሯስ?»
«አንድ ሲሊንደር።»
«ሁለት» አለ ኦድቫር። «ሁለት ነው። ሁለት።
አንደኛው ያስነጥስ ነበር፤ ከዳር አይሰማም።»
ስልኩን ዘጋው። ደኅና ሁኚ አላለም።

ማክሰኞ ቀድሜ ደረስኩ፤ መብራቱን ራሴ አበራሁት።
ሞተር፦ ሁለት።
«አሮጊቷ» በሚለው ገብቼ ነው ያረምኩት፤
ሀቬላ ላይ ተቃና።